የደብሪቱ የድግጣ አጥር

«ተረት ላምጣ?»

«ያምጡ!»

«ከየት ላምጣ?»

«ከጥንት ከጠዋቱ!»

«ቢረዝምባችሁስ?»

«እንቀመጣለን!»

እንግዲያው ሰብሰብ በሉ። አንቺ ትርንጎ፣ ጥፍርሽን መብላት ተይና ስሚ። የዛሬው ተረት ጅብም የለበት፣ አንበሳም የለበት። ጅብ የፈለገ ወደ ገደሉ ይሂድ። የዛሬው ተረት የአንዲት ሴትና የአንድ ቁጥቋጦ ነው። ምን ያስቃችኋል? ቁጥቋጦ ተረት የለውም ያላችሁ ማን ነው?

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዳገት ላይ ወደተቀመጠች አንዲት መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት መጣች። ባሏ ሞቶባት፣ የባሏ ዘመዶች ከቤት አስወጥተዋት፣ አንዲት ዶሮ በጉያዋ፣ አንዲት የወፍጮ መጅ በጀርባዋ አዝላ ነው የመጣችው። መንደሯ የእናቷ አገር ነበረች። እናቷ ግን ቀደም ብላ ሞታለች። ደብሪቱ አጭር ነበረች፣ በጣም አጭር። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ከሩቅ ላያት ሰው እንስራው ብቻውን የሚሄድ ይመስለው ነበር።

የመንደሩ ሽማግሌዎች አዘኑላት። ከምንጩ በላይ ያለችውን ቁራጭ መሬት ሰጧት። ጎጆ ቀለሰች። መሬቷ ግን ገና የእሷ አልሆነችም። ለምን መሰላችሁ? የዚያ አገር ልማድ እንዲህ ነበር፦ ያጠረ ባለቤት ነው፣ ያላጠረ እንግዳ ነው። ለመጤ ሰው ሦስት መስቀል ይታለፍለታል። በአራተኛው መስቀል ሽማግሌዎች መጥተው ያያሉ። ታጥሮ ካገኙት መሬቱ ያጣሪው ነው። ሳይታጠር ካገኙት መጤው ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፣ መሬቱም የከብት መዋያ ይሆናል። ደብሪቱ ከዚያች መሬት ከወጣች ደግሞ የምትሄድበት አልነበራትም።

ከጎኗ ጓንጉል የሚባል ሀብታም ይኖር ነበር። ስልሳ ከብት ነበረው። ረጅም ቁመት፣ ረጅም ክንድ፣ ረጅም ምላስ ነበረው። ይህ ጓንጉል የደብሪቱን መሬት አጥብቆ ፈለጋት። መሬቷ የከብት መዋያ ብትሆንለት ከብቶቹ በዚያ አቋርጠው ቀጥ ብለው ምንጩ ውስጥ ይገባሉ። ድሮም ቢሆን የጓንጉል ከብቶች ዙረው እየመጡ ምንጩን ሲያቦኩት፣ ሴቶቹ ጭቃ ነበር የሚቀዱት። ማንም አልተናገረም። ሀብታምን ማን ይናገራል?

ደብሪቱ አጥር ማጠር ነበረባት። በምን ትጠር? የሌላው ሰው አጥር ድንጋይ ነው፣ በደቦ የተካበ። ደቦ ለመጥራት ጠላ ይጠመቃል፣ ድግስ ይደገሳል። ደብሪቱ ጋ ያለችው አንዲት ዶሮ ናት። እንጨት እንዳትቆርጥ ደኑ ድሮ አልቋል። እሾህ ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ አጠረች። ምስጥ በላው።

በጋው ከረረ። ዳገቱ ሁሉ ጠወለገ። ደብሪቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ ስታይ፣ በዚያ ሁሉ ደረቅ መካከል አንድ ነገር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ አየች። ተነሥታ ሄደች። ድግጣ ነበር።

ድግጣን ታውቁት የለም? ያ ቅጠሉ ጥቃቅን፣ አበባው ቢጫ፣ እንደ ጆሮ ጌጥ ወደ ታች የሚንጠለጠለው። አዎ እሱ። ደብሪቱ ዙሪያውን ዞረችው። ውሃ የሚያጠጣው የለም፣ ግን ለምልሟል። ምስጥ አልነካውም። ፍየል በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብላም አላየችው። ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ያምራል! እኔ ሽማግሌው ዛሬም ድግጣ ሲያብብ ሳይ ልቤ ደስ ይለዋል፣ ለምን እዋሻለሁ።

«እግዜር እንዲህ ያለውን አጥር ዳገት ላይ አቁሞልኝ እኔ ለምን እንጨት ፍለጋ እንከራተታለሁ?» አለች ደብሪቱ። ደረቁን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወረደች።

የመንደሩ ሰው ይህን ሲሰማ ሳቀ። በዚያ አገር ቁጥቋጦ በግቢ ማቆየት ነውር ነው። የሰነፍ ቤት ያሰኛል። በየዓመቱ ከመስቀል በፊት ግቢያቸውን ይመነጥራሉ፣ ድግጣ ብቅ ያለ እንደሆነ ነቅለው ያቃጥሉታል። አሁን ደግሞ አንዲት መጤ ሴት መጥታ ሰው የሚነቅለውን ትተክላለች! «ሐዘኑ ነው፣ አእምሮዋን ነክቷት ነው» አሉ። ወደ ጓሮዋም ሰው መሄድ ተወ።

ክረምት ገባ፣ ደብሪቱ ዘራች። ጠበቀች። ምንም አልበቀለም። ጓንጉል በዚያ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ደብሪቱ! አጥርሽ የታለ?»

«መሬት ውስጥ ነው፣ አያ ጓንጉል።»

«ቁጥቋጦ አጥር ሆኖ ያውቃል?»

«ይሆናል። ጊዜ ይስጡት።»

ጓንጉል እየሳቀ ሄደ። ደብሪቱ ግን መሬቱን ቆፍራ ፍሬውን አወጣችው። እንደዘራችው ነው። ደረቅ፣ እንደ ጠጠር። ዝናብ ሁለት ወር ሙሉ ወርዶበት አልራሰም።

ታዲያ ዳገት ላይ ማን ያበቅለዋል? እንደገና ወጣች። ከእናት ቁጥቋጦው ሥር ቡቃያ ፈለገች፣ የለም። ወደ ታች ወረደች። ጎርፍ በሄደበት ፈረፈር፣ ጠጠር በተከመረበት፣ እዚያ ቡቃያው ሞልቷል! ቁጭ ብላ አሰበች። ጎርፉ ፍሬውን ከጠጠር ጋር እያንከባለለ ቆዳውን ፍቆለታል። ሲፋቅ ውሃ ይገባዋል፣ ውሃ ሲገባው ይበቅላል።

እኔ ይህን ያህል ዘመን ስኖር ይህን አላስበውም ነበር። አባቴም አያስበውም። ማንም አላስተማራትም። ዓይኗ ነው ያስተማራት!

በቀጣዩ ክረምት ደብሪቱ ያቺን መጅ አነሣች። ፍሬውን ሳትፈጨው ቀስ አድርጋ ፋቀችው። ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችው። ዝናብ ሲጥል በመሬቷ ዳር ዳር፣ ተንበርክካ፣ እየለካች ዘራችው። በስምንተኛው ቀን ብቅ አለ። ደብሪቱ ብቻዋን እልል አለች።

ጓንጉል እልልታውን ሰማ። አልወደደውም።

ቡቃያው ስንዝር ሲያህል ፍየሎቹን ለቀቀበት። «አመለጡኝ» አለ። አርባ ፍየል! አርባ ፍየል በአንድ ጊዜ ያመልጣል? ፍየሎቹ መጡ፣ አሸተቱ። አንዷ ቀንጥባ ቀመሰች። ተፋችው፣ አስነጠሳት። ከዚያ ሁሉም ዞረው ወደ ጓንጉል ጓሮ ተመለሱና ጎመኑን ሙልጭ አድርገው በሉለት።

«ቁጥቋጦ አጥር ሆኖ ያውቃል?» አለ ጓንጉል በማግስቱ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«ይሆናል፣ አያ ጓንጉል። ጊዜ ይስጡት።»

ጉልበት ሲደርስ በሬዎቹን ነዳበት። በሬዎቹ ረጋገጡት፣ ሰባበሩት። ደብሪቱ ከምንጭ ስትመለስ አየችው። እንስራዋን አስቀመጠችና አለቀሰች። እናንተም ብትሆኑ ታለቅሳላችሁ። ካለቀሰች በኋላ ግን ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። የተሰበረውን ቆርጣ አስተካከለች፣ ሥሩን አፈር አለበሰችው። ዝናብ መጣ። አንድ በነበረበት ሁለት አወጣ።

«ቁጥቋጦ አጥር ሆኖ ያውቃል?»

«ይሆናል፣ አያ ጓንጉል። ጊዜ ይስጡት።»

ወገብ ሲደርስ ጓንጉል ራሱ ማጭድ ይዞ መጣ። ደብሪቱ ገበያ ሄዳ ነበር። አንድ ሁለት እያለ፣ እየቆጠረ፣ ሁሉንም እስከ ጉልበት ድረስ ቆረጠውና ሄደ። ደብሪቱ ስትመጣ በዚህ ጊዜ አላለቀሰችም። ፈገግ አለች። በሬ ሲሰብረው ምን እንዳደረገ አይታለቻ። ድግጣው ሁለት በነበረበት አራት አወጣ፣ አራቱም ወደ ጎን ተንሰራፉ። እንግዲህ ጓንጉል ሳያውቀው የደብሪቱ አትክልተኛ ሆነላት፣ ያውም በነፃ!

አጥሩ ደረት ደረሰ። ዶሮዋ እንኳ በመካከሉ ማለፍ አቃታት። አበበ፤ ግቢዋ ዙሪያውን ቢጫ ሆነ። ንቦች መጡ። አንድ ቀን ደብሪቱ ቅጠሉን ቀጥቅጣ በውሃ ዘፈዘፈችና የአንዲት ጎረቤት ጥጃ አጠበችበት፤ መዥገሩ ረገፈ። ያኔ እነዚያ ሲስቁባት የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። «እታለም፣ እስቲ ቅጠሉን ትንሽ ስጪኝ?» ይላሉ። ትሰጣለች። «ፍሬስ?» ትሰጣለች። ትርንጎ፣ ቅጠሉ ለከብት መዥገር ነው እንጂ ለሰው አፍ አይደለም፤ መርዝ ነው። ነግሬሻለሁ።

አራተኛው መስቀል ደረሰ። ጭቃ ሹሙ፣ የመንደሩ አለቃ ማለት ነው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። የመንደሩም ሰው ተከትሎ መጣ። ጭቃ ሹሙ አጥሩን በበትሩ ገፋው፣ አልተገፋም። በትከሻው ገፋው፣ አልተገፋም። ዙሪያውን ዞረው። አንዲት ዘለላ አበባ ይዞ አሸተተ።

«ታጥሯል» አለ። «እንዲህ ያለ ያማረ አጥር አይቼ አላውቅም።»

ደብሪቱ እግዜርን ልታመሰግን እጇን ስትዘረጋ ጓንጉል ከሰው መካከል ወጣ።

«ልክ ነው ጌታዬ፣ ታጥሯል። ያጠርኩት ግን እኔ ነኝ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ያጠረ ባለቤት ነው ትላላችሁ። ይኸው አጠርኩ። ሥፍራው የእኔ ነው። እሷ እንደሆነች እንጨት አጥታ ስትቅበዘበዝ የነበረች ናት።»

«ውሸት ነው!» አለች ደብሪቱ።

«ስትተክይ ያየሽ ሰው አለ?» አላት።

ጭቃ ሹሙ ወደ ሰዉ ዞረ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ትተክላለች ሲባል የሰማ እንጂ በዓይኑ ያየ አልነበረም። በዚያ ዓመት ማን ወደ ጓሮዋ ሄዶ? አብደሻል ብለው ትተዋት የለም? ሴቶቹ አፍረው መሬት መሬት አዩ።

«አንተንስ ያየህ አለ?» አለው ጭቃ ሹሙ።

«እኔም ብቻዬን ነው የተከልኩት።»

«እንግዲያው ማል።»

ጓንጉል ያን ረጅም ክንዱን ወደ ላይ አነሣ። «አንድም ሳይቀር በገዛ እጄ ተክያለሁ። ንጉሥ ይሙት!»

ወይ ጉድ! ልጆች፣ በዚያ ዘመን በሐሰት ንጉሥ ይሙት ያለ ሰው ጀርባው በጅራፍ ይላጣል። ጓንጉል ግን ማን ይነካኛል ብሎ ነው። ደብሪቱ አራት ዓመት ሙሉ የደከመችበት ቤት በአንድ ቃል ሊሄድ ነው። ወደ ጭቃ ሹሙ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ሦስት ነገር እንድጠይቃቸው ይፍቀዱልኝ።»

«ጠይቂ።»

«አያ ጓንጉል፣ መቼ ተከሉት?»

«ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሲገባ።»

ልክ ነው። እልልታዋን ሰምቶ የለም?

«ስንት ግንድ ነው?»

«ሁለት መቶ አሥር!» አለ ጓንጉል ደረቱን ነፍቶ።

ይህም ልክ ነው። በማጭድ ሲቆርጠው ቆጥሮታል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹ «አለቀላት» ብለው ተንሾካሾኩ።

«አንዱን ከአንዱ በምን ለክተው አራራቁት?»

ጓንጉል ከት ብሎ ሳቀ። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በክንዴ ነዋ! ሰው በማን ክንድ ይለካል?»

እውነቱን ነው። በዚያ አገር ጋቢ ቢሆን፣ ቋሚ ቢሆን፣ መደብ ቢሆን ሰው ሁሉ የሚለካው በገዛ ክንዱ ነው፣ ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ።

«መልካም» አለች ደብሪቱ። «እስቲ ይለኩልን።»

ጓንጉል ሳቁን አቆመ። ሰው ሁሉ እያየው ተንበረከከ። ክርኑን አንደኛው ግንድ ሥር አደረገና ክንዱን ዘረጋ። ጣቱ ሁለተኛውን ግንድ አልፎ አንድ ስንዝር ሄደ።

«እ… እዚህ ጋ ተሳስቼ ነው» አለ።

ሌላ ቦታ አስለኩት። አሁንም ስንዝር አለፈ።

«እዚህ ደግሞ በሬ ረግጦት ቦታውን ለቆ ነው።»

«የማን በሬ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

ሦስተኛ ቦታ አስለኩት። ስንዝር አለፈ። ጓንጉል ክንዱን ሰብስቦ ተነሣ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጓንጉል ግን እስኪያድር እንኳ አልጠበቀም።

ያን ጊዜ ደብሪቱ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ተንበረከከች። «አባቶቼ፣ ክንዴ አጭር ነው። ሲሳቅበት ነው የኖረው» አለች። ክርኗን አስቀመጠች፣ ዘረጋች። የጣቷ ጫፍ ሁለተኛውን ግንድ ነካ። ተነሥታ ሌላ ቦታ ሄደች፣ ዘረጋች፣ ነካ። ወደ ማዕዘኑ ሄደች፣ ዘረጋች፣ ነካ። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ! ጭቃ ሹሙ ራሱ ጎንበስ ብሎ እጇን ይዞ አነሣት።

«መሬቱ የአንቺ ነው» አላት። ወደ ጓንጉል ዞረ። «ጅራፍ አምጡ!»

የጓንጉል ያ ሁሉ ቁመት አጠረ።

«ጌታዬ፣ አያስገርፏቸው» አለች ደብሪቱ። «ጎረቤቴ ናቸው። ጀርባቸው ቢላጥ ለእኔ ምን ይረባኛል? ነገር ግን በንጉሥ ምለዋል። የንጉሥ መሐላ ሐሰት ሆኖ ከሚቀር እውነት ይሁን። በገዛ እጄ ሁለት መቶ አሥር ድግጣ ተክያለሁ ብለዋል። ይትከሏ! ምንጩ አጥር የለውም።»

ጭቃ ሹሙ ጺሙን እያሻሸ ጥቂት አሰበና ሳቁ አመለጠው። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። «ይሁን!» አሉ። ጓንጉል እግሯ ላይ ወድቆ አመሰገናት፣ ጅራፍ ቀረልኝ ብሎ። ሞኝ! ገና አልገባውም።

ጓንጉል ፍሬ ለቅሞ በምንጩ ዙሪያ ዘራ። ክረምቱ መጥቶ ሄደ። ምንም አልበቀለም። ጭቃ ሹሙም «መሐላህ ገና ነው» አለው። ቢጨንቀው አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ደብሪቱ ደጅ ቆመ።

«ደብሪቱ እህቴ፣ የእኔ ለምን እምቢ አለ?»

እኔ ብሆን አልነግረውም ነበር። ክፉ ሽማግሌ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። እሷ ግን አስገባችው፣ ቁጭ አደረገችው። መጇን አውጥታ እንዴት እንደሚፋቅ አሳየችው፣ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ ነገረችው። እንዲህ ያለች ሴት በመቶ ዓመት አንዴ ነው የምትወለደው።

በሚቀጥለው ክረምት የጓንጉል ድግጣ በቀለ። አረመው። ከራሱ ከብቶች ሲጠብቀው ዋለ። አፈር አለበሰው፣ እየቆረጠ አፋፋው። ሁለት መስቀል አለፈ። ድግጣው ምንጩን ዙሪያውን ከበበው፣ ጥቅጥቅ አለ፣ ቢጫ ለበሰ። በሩን መንደሩ ተመካክሮ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ በምታልፍበት ልክ ብቻ አደረገው። ምንጩ ጠራ። ሥሩ ያለው ጠጠር እስኪታይ ድረስ ጠራ።

ከዚያ አንድ ቀን ስልሳዎቹ ከብቶች እንደ ልማዳቸው ውሃ ሊጠጡ መጡ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አሸተቱ፣ አስነጠሱ። ገፉ፣ አልተገፋም። ጓንጉል በሩን አየ። በበሩ ከብት ከነቀንዱ አያልፍም። ያን ጊዜ ገባው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓንጉል ከብቶቹን ታች ወንዝ ድረስ ይነዳ ጀመር። ለመሄድ ግማሽ ቀን፣ ለመመለስ ግማሽ ቀን። መንገዱ በአጥሩ አጠገብ ነው። ከምንጩ ጥሩ ውሃ ቀድተው የሚወጡት ሴቶች ባዩት ቁጥር፣ ያውም ከልባቸው፣ ይመርቁታል።

«አያ ጓንጉል! እንዴት ያለ ያማረ አጥር ተከሉልን! እጅዎ ይባረክ!»

«አሜን» ይላል ጓንጉል። ምን ይበል? ከብቱን እየነዳ ያልፋል።

ድግጣ እሾህ የለውም፣ አውቃለሁ። ተረቱ ግን እንዲህ ነው የሚለው፣ እኔ ምን ላድርግ፦ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ተረቴን ይኸው አደረስኩ። አሁን ምርቃቴን አምጡ።